የሮኪ ተራራዋን ብሮድቴልድ ሃሚንግበርድ ሳይሳሳቱ መለየት፦ ደረጃ በደረጃ

ሰመር በመጣ ቁጥር ዴንቨርና ኦሮራ ካሉ ወዳጆች ተመሳሳይ ፎቶ ይደርሰኛል፦ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ነገር፣ ጉሮሮው ላይ የቀላ ነጥብ፣ ከሥሩም «ይቺ የትኛዋ ሃሚንግበርድ ናት?» የሚል ጥያቄ። አንዳንዶቹ ስም ጭምር ሰጥተው ይልካሉ፤ ስሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ ነው። የስህተቱ ምንጭ ደግሞ አንድ ነው፤ ሁሉም ከጉሮሮ ቀለም ይጀምራል። ከምልክቶቿ ሁሉ በላይ የሚያታልለው እሱ ነው።

እዚህ የምታገኙት ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው። መጀመሪያ ቦታና ቀን፣ ቀጥሎ ድምፅ፣ ከዚያ ጀርባ፣ ጭራና ፊት ይመጣሉ፤ ጉሮሮ መጨረሻ ነው። አንዱን ደረጃ ዘላችሁ ወደሚቀጥለው አትሂዱ። መልሱ ገና በሁለተኛው ደረጃ የታወቀ ቢመስላችሁም እንኳ ቀጥሉ።

የምንፈልጋት ወፍ

ብሮድቴልድ ሃሚንግበርድ፣ በሳይንሳዊ ስሟ ሴላስፎረስ ፕላቲሰርከስ፣ የምዕራብ አሜሪካ ተራሮች ወፍ ናት። ከምንቃሯ ጫፍ እስከ ጭራዋ ጫፍ ከ8 እስከ 10 ሴንቲሜትር ትረዝማለች፤ ክብደቷ 3.6 ግራም አካባቢ ነው። ኮሎራዶን፣ ዋዮሚንግን፣ ዩታን፣ ኒው ሜክሲኮንና አሪዞናን በመሳሰሉ ግዛቶች ተራሮች ላይ ትራባለች፤ የብርዱን ወቅት በሜክሲኮና በጓቲማላ ደጋዎች ታሳልፋለች።

አንድ ነገር አስቀድመን እንጨርስ። አገር ቤት አበባ ላይ የምናያት፣ ቀጭን ጠማማ ምንቃር ያላት የምታብረቀርቅ ወፍ ሰንበርድ እንጂ ሃሚንግበርድ አይደለችም። ሃሚንግበርድ የሚገኘው በአሜሪካ አህጉራት ብቻ ነው። ሰንበርድ አብዛኛውን ጊዜ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ ትጠጣለች፤ ሃሚንግበርድ አየር ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ትጠጣለች። ባሕር ዳር ያደገ ሰው ሰንበርድን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ብቻ እዚህም የሚያያትን በዚያው ዓይን እንዳይመዝናት።

ከቤት ሳትወጡ የምታዘጋጁት

*ባይኖኩላር።* 8x32 ወይም 8x42 የሚል ያዙ። 10x ወይም 12x አትግዙ፤ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ የሚታየውም ስፍራ ይጠብባል፤ እንዲህ የምትፈጥን ወፍ ከውስጡ ትጠፋለች። ስትገዙ በቅርብ ርቀት የት ድረስ እንደሚያጠራ ጠይቁ፤ 2 ሜትር ድረስ የሚያጠራ ከሆነ በጣም ጥሩ ነው።

*ስልክ።* የስልካችሁን ካሜራ በሴኮንድ 240 ፍሬም ወደሚቀዳው ስሎሞሽን አስተካክሉት። ከፎቶ ይልቅ ይህ ይጠቅማችኋል። የብሮድቴልድ ክንፍ በሴኮንድ 50 ጊዜ ያህል ይመታል፤ ዓይን ይህን መከተል አይችልም። ቪዲዮውን አቁማችሁ ፍሬም በፍሬም ስታዩት ግን ጭራው ተዘርግቶ የሚታይበት አንድ ቅጽበት አይጠፋም። ትልቅ ካሜራ ያላችሁ ፍጥነቱን ከ1/2000 ሴኮንድ በታች አታድርጉ።

*አፕ።* ወፍን በድምፅና በፎቶ የሚለየውን መርሊን የተባለ አፕ ከነኮሎራዶ የወፎች ጥቅል ቤት ሳላችሁ አውርዱ፤ ተራራ ላይ ኔትወርክ ይጠፋል።

*ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ።* ያያችሁትን እዚያው ጻፉ። መኪና ውስጥ ገብታችሁ የምታስታውሱት ቀለም ማየት የፈለጋችሁት ቀለም ነው።

*ልብስና ውሃ።* ሰኔም ቢሆን ጎህ ሲቀድ 2,500 ሜትር ላይ ይበርዳል። ሹራብ፣ ኮፍያ፣ በቂ ውሃ ያዙ። ቀይ ኮፍያ ወይም ስካርፍ ብታደርጉ ወፏ ራሷ ልትጎበኛችሁ ትችላለች።

ማስጠንቀቂያ፦ በጁላይና በኦገስት የኮሎራዶ ተራሮች ላይ ከሰዓት በኋላ መብረቅ ያለበት ዝናብ የተለመደ ነው። ጎህ ሲቀድ ድረሱ፤ ቀትር ሳይሆን ከገላጣው ቦታ ውረዱ። ደመናው ሲጠቁር «አንድ ደቂቃ ብቻ» አትበሉ።

ደረጃ 1፦ ቦታውንና ቀኑን አጣሩ

ከሚቀጥሉት ደረጃዎች ግማሹን ያህል ሥራ የሚያቃልልላችሁ ይህ ነው፤ ሰው ግን ይዘለዋል።

1.1. ያላችሁበትን ከፍታ ተመልከቱ። ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ናት። እዚያ ብሮድቴልድ በብዛት የምትታየው ስታልፍ ነው፤ በጸደይ ወደ ተራራ ስትወጣ፣ በሰመር መጨረሻ ስትመለስ። በርግጠኝነት ልታዩአት ከፈለጋችሁ ወደ ኤቨርግሪን፣ ወደ ኔደርላንድ ወይም ወደ ኤስቴስ ፓርክ ውጡ። ሮኪ ማውንቴን ናሽናል ፓርክ ለመግባት ካሰባችሁ በሰመር አስቀድሞ ሰዓት ማስያዝ ሊጠየቅ ስለሚችል ሳትነሱ አረጋግጡ።

1.2. ቀኑን ጻፉ። ወንዶቹ ቀድመው ይመጣሉ፤ ኮሎራዶ የሚደርሱት ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ሜይ ነው። እስከ ጁን መጨረሻ ድረስ ከፍ ያለ ተራራ ላይ የምታዩት ሃሚንግበርድ ብሮድቴልድ የመሆን ዕድሉ በጣም ከፍተኛ ነው። ከጁላይ መጀመሪያ በኋላ ግን ጉዳዩ ይለወጣል፤ ሩፎስና ካላዮፒ የሚባሉት ሃሚንግበርዶች ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲመለሱ በዚያው ያልፋሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም ከዚያ ወዲህ ነው።

1.3. አካባቢውን ተመልከቱ። ጅረት ዳር ያለ የአኻያ ቁጥቋጦ፣ የአስፐን ዛፍ፣ ከጎኑ አበባ የሞላበት ገላጣ መስክ ካገኛችሁ ቁሙ። ጥቅጥቅ ያለ ጥድ ውስጥ አትግቡ።

የጎቲክ መንደር ነገር እዚህ ላይ መነሳት አለበት። ኮሎራዶ ውስጥ ክረስትድ ቢዩት አጠገብ፣ እዚሁ ጎቲክ ባለው የሮኪ ማውንቴን ባዮሎጂካል ላቦራቶሪ አካባቢ ተመራማሪዎች የአበባዎቹንና የወፎቹን ቀን ለአሥርተ ዓመታት ሲመዘግቡ ቆይተዋል። በ2012 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የታተመ ጥናታቸው እንዳሳየው፣ ወፏ ስትደርስ ከምትቀስማቸው የመጀመሪያ አበባዎች አንዱ የሆነው ግላሲየር ሊሊ በ1970ዎቹ ከነበረው 17 ቀን ያህል ቀድሞ ማበብ ጀምሯል። የወፏ መምጫ ግን በዚያው መጠን አልቀደመም። ስለዚህ አበባው ፈክቶ ወፏን ብታጡ ቦታው ተሳስቷል ብላችሁ አትሂዱ፤ በሳምንቱ ተመለሱ። ደግሞም የምትመዘግቡት ቀን ዋጋ አለው፤ ይህ ለውጥ የታወቀው ሰዎች በየዓመቱ ቀን ስለጻፉ ነው።

ደረጃ 2፦ ዓይናችሁን ሳይሆን ጆሯችሁን አስቀድሙ

2.1. ቆማችሁ ዝም በሉ። ባይኖኩላሩን ገና አታንሱ።

2.2. በረጅሙ የሚያቃጭል፣ የጠራ፣ የብረትነት ያለው «ዝርርርር» አዳምጡ፤ ትንሽ ቃጭል እየበረረ የሚያልፍ ይመስላል። ወደ እናንተ ሲመጣ ይጎላል፣ ሲያልፍ ይጠፋል። ይህ የአዋቂ ወንድ ብሮድቴልድ ምልክት ነው።

2.3. ድምፁ ከአፉ እንደማይወጣ እወቁ። ከክንፉ ጫፍ ሁለቱ የመጨረሻ ላባዎች ወደ ጫፋቸው የሾሉ ናቸው፤ አየር በመካከላቸው ሲያልፍ ያፏጫል። ስለዚህ ተቀምጦ ሳለ አይሰማም። አየር ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም ይለዝባል፤ ሲከንፍ ይጎላል።

2.4. የሰማችሁትን ካልሰማችሁት ለዩ። ሴቷ ይህ ድምፅ የላትም፤ የክንፏ ዝማሬ ዝቅ ያለ «እምምም» ብቻ ነው። ስለዚህ ድምፅ መስማት «ወንድ ብሮድቴልድ ሊሆን ይችላል» ያሰኛል፤ አለመስማት ግን «ብሮድቴልድ አይደለም» አያሰኝም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይገለብጠዋል።

ድምፁ ጌጥ ብቻ አይደለም። በ1983 በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች የአንዳንድ ወንዶችን ክንፍ ድምፅ አጥፍተው ሲያዩ፣ ድምፅ ያጡት ግዛታቸውን ለሌላ ወንድ ወደ ማጣት አዘነበሉ። ድምፁ «ይህ ቦታ ተይዟል» ይላል። እናንተም በአንድ ቁጥቋጦ ዙሪያ ደጋግማችሁ ከሰማችሁት፣ ወንዱ ግዛት ይዟል ማለት ነውና አትንቀሳቀሱ፤ ተመልሶ ይመጣል።

ካልሰራ፦
- ሌላው ሰው እየሰማ እናንተ ካልሰማችሁ፣ ድምፁ ቀጭን ስለሆነ ዕድሜያቸው የገፋ ጆሮዎች ሊያመልጣቸው ይችላል። የስልክ መቅጃ ክፈቱና መርሊን ይስማላችሁ።
- ጁላይ ላይ ድምፅ ሰምታችሁ ወፉ ብርቱካናማ ሆኖ ከታየ አትደናገጡ። የሩፎስ ወንድም ክንፉ ያፏጫል፤ የብሮድቴልድን ያህል ግን የጠራና የጎላ አይደለም። ወደ ደረጃ 3 እለፉ።
- የተቀዳ ድምፅ ከስልክ አጫውታችሁ አትጥሯት። በመራቢያ ወቅት ግዛቱን የሚጠብቅ ወንድ በሌለ ባላጋራ ጉልበቱን እንዲጨርስ ማድረግ ነው።

ደረጃ 3፦ ወፏን ፈልጋችሁ ባይኖኩላር ውስጥ አስገቡ

3.1. የደረቀ ቅርንጫፍ ጫፍ ፈልጉ። ወንዱ ግዛቱን የሚቃኘው ከዛፍ ወይም ከቁጥቋጦ አናት ላይ ካለ ቅጠል አልባ ቀንበጥ ነው፤ ደጋግሞም ወደዚያው ይመለሳል።

3.2. ዓይናችሁን ከቀንበጡ ሳታነሱ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡ። ዓይናችሁን ወደ ባይኖኩላሩ አታውርዱ።

3.3. እየበረረች አታሳድዷት። አበባው ላይ ወይም ቀንበጡ ላይ አነጣጥራችሁ ጠብቁ፤ ራሷ ትገባበታለች።

3.4. ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ። ይህ ለዓይናችሁም ደኅንነት ነው፤ ባይኖኩላር ይዛችሁ ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ፈጽሞ አትከተሏት።

ያያችሁት ነገር ወፍ መሆኑንም አረጋግጡ። አመሻሽ ላይ ፔቱኒያ ወይም ሌላ የግቢ አበባ ላይ አየር ላይ ቆሞ የሚጠጣ ወፍራም ነገር ካያችሁ ጭንቅላቱን ተመልከቱ። ሁለት አንቴና ካለው፣ ክንፉ ላይም ነጭ መስመሮች ካሉ፣ ኮሎራዶ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ስፊንክስ የሚባል የእሳት እራት ነው። ምንቃር የመሰላችሁም የሚጠቀለል ረጅም መምጠጫው ነው።

ደረጃ 4፦ ጀርባውን አንብቡ

ጀርባው ሙሉ በሙሉ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ከሆነ ቀጥሉ። ጀርባው በአብዛኛው ብርቱካናማ ወይም የዝገት ቀለም ከሆነ አዋቂ ወንድ ሩፎስ ነው፤ ሥራችሁ አልቋል፣ ጻፉት።

መካከለኛ ሁኔታ ያጋጥማችኋል፦ አረንጓዴ ጀርባ ላይ ጥቂት የዝገት ላባ ተሰባጥሮ። ይህ ወደ ሩፎስ ያደላል። ብሮድቴልድ ጀርባዋ ላይ ዝገት የላትም።

ደረጃ 5፦ ጭራውን ከክንፉ ጋር አስተያዩ

ከሁሉም ደረጃዎች እኔ የምተማመነው በዚህ ነው፤ ቅርጽ በብርሃን አይለወጥምና። ጊዜ ስጡት።

5.1. ወፏ ተቀምጣ ክንፏን ስታጥፍ ጠብቁ። ከጎን በኩል እዩ።

5.2. የክንፏ ጫፍ የት እንደሚደርስ ተመልከቱ። የብሮድቴልድ ጭራ ረጅምና ሰፊ ነው፤ ከታጠፈው ክንፍ ጫፍ አልፎ በግልጽ ይወጣል። ክንፉ ጭራው ጫፍ ላይ ከደረሰ ወይም ካለፈው፣ በተለይ ወፏ ድቡልቡል ያለች ትንሽ ከሆነች፣ ካላዮፒ ናት። ካላዮፒ ክብደቷ 2.5 ግራም ገደማ ነው፤ ከሜክሲኮ በስተ ሰሜን ካሉ ወፎች ሁሉ ትንሿ እሷ ናት።

5.3. ላባዋን ስታበጥር ወይም ሌላ ወፍ ስታባርር ጭራዋን ትዘረጋለች። ስሎሞሽኑን ያኔ ቅዱ። ሴቷ ላይ የውጪዎቹ የጭራ ላባዎች ከሥራቸው የዝገት ቀለም፣ ከመካከል ጥቁር፣ ጫፋቸው ነጭ ነው። ዝገቱ ከሥር ትንሽ ከሆነ ብሮድቴልድ፤ ብዙውን ጭራ ከያዘ ሩፎስ።

5.4. እየጠጣች ሳለ ጭራዋን ተመልከቱ። ያለማቋረጥ ወደ ላይና ወደ ታች የምታርገበግብ ከሆነ ብላክቺንድ የምትባለዋን ጠርጥሩ፤ እሷ ዝቅ ባሉ ደረቅ ሸለቆዎች ትበዛለች።

ካልሰራ፦ ወፏ ካልተቀመጠች መመገቢያ ያለበት ቦታ ሂዱ። በረንዳው ላይ መመገቢያ ያንጠለጠለ ጎረቤት ካለ ፈቃድ ጠይቁ። መመገቢያው ላይ መቀመጫ ካለ ከጎን ለማየት በቂ ጊዜ ታገኛላችሁ።

ደረጃ 6፦ ፊትና ጎን

ወንድ ከሆነ፦ በጉሮሮውና በጉንጩ መካከል የነጣ መስመር ፈልጉ። ከዓይኑ ዙሪያ የሚጀምር ፈዘዝ ያለ ንጣት በአንገቱ በኩል ወርዶ ከነጭ ደረቱ ጋር ይገናኛል። ይህ ወሳኝ የሚሆነው ሩቢትሮትድ ከሚባለው የምሥራቁ ወፍ ለመለየት ነው። የሩቢትሮትድ ወንድ ከዓይኑ በታችና ከአገጩ ጥቁር ነው፤ ጭራውም ሹካ ይመስላል።

ሴት ከሆነች፦ ጉንጯና ጉሮሮዋ ላይ ጥቃቅን ነጠብጣቦች እኩል ተበትነው ይታያሉ። ፊቷ በአጠቃላይ ልዝብ ነው፤ ደምቆ የሚወጣ ነገር የለበትም። ጎኗ ላይ የታጠበ ቀረፋ ቀለም አለ። የሩፎስ ሴት ጎኗ ይደምቃል፣ አንገቷ ላይ ያለው ነጭ ከጎኗ ጋር ጎልቶ ይለያል፣ ጉሮሮዋ መካከልም ብዙ ጊዜ የብርቱካናማ-ቀይ ነጥቦች ክምችት ይታያል። የብላክቺንድ ሴት ጎኗ ግራጫማ ነው፤ ቀረፋ የለውም ወይም በጭንቅ ይታያል።

ኦገስት ላይ መመገቢያውን ከከበቡት ሴትና ጫጩት መሳዮች ውስጥ የተወሰኑትን ማንም ሰው በዓይን ብቻ መለየት አይችልም። በእጃቸው ይዘው ላባ የሚለኩ ሰዎች እንኳ እየለኩ ነው የሚወስኑት። እንዲህ ስትሆን «ሴላስፎረስ፣ ዝርያው ያልታወቀ» ብላችሁ ጻፉ፤ ሴላስፎረስ ብሮድቴልድና ሩፎስ የሚጋሩት የወገን ስም ነው። ይህ የተሟላ መልስ ነው።

ደረጃ 7፦ አሁን ጉሮሮውን እዩ

7.1. ወንዱ ጭንቅላቱን እስኪያዞር ጠብቁ። የጉሮሮው ቀለም ከቀለም ንጥረ ነገር የሚመጣ አይደለም፤ በላባው ውስጥ ያሉ በጣም ስስ ንብርብሮች ብርሃንን ሲመልሱት ነው የሚፈጠረው። ማዕዘኑ ካልገጠመ ጥቁር ይመስላል። ጥቁር ጉሮሮ አይታችሁ «ብላክቺንድ» ያላችሁ ሁሉ የወደቃችሁት እዚህ ነው።

7.2. ቀለሙ ሲበራ ሙሉው ጉሮሮ ደማቅ ሮዝ ከሆነ ብሮድቴልድ። ብርቱካናማ-ቀይ እንደ ፍም ከሆነ ሩፎስ። በነጭ ላይ የተዘረዘሩ የወይን ጠጅ መስመሮች ከሆኑ ካላዮፒ። ጥቁር ሆኖ ከሥሩ ሐምራዊ ቀበቶ ካለው ብላክቺንድ።

7.3. ከደረጃ 1 እስከ 6 ካገኛችሁት ጋር አስታርቁት። ጉሮሮው ቀይ መስሎ ሁሉም ሌላው ምልክት ብሮድቴልድ ካለ፣ ሌላውን እመኑ።

ወፏ ራሷ የምታየው ቀለም ከእኛም ይለያል። በ2020 ጎቲክ አካባቢ በዱር ብሮድቴልዶች ላይ የተደረገ ሙከራ፣ እኛ አረንጓዴ ብቻ ብለን የምናየውን ብርሃን አልትራቫዮሌት ሲቀላቀልበት ለይተው እንደሚያውቁት አሳይቷል።

ደረጃ 8፦ የምታደርገውን ተረዱ

ስም መስጠት ብቻ በቂ አይደለም። ድርጊቷን የተረዳ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ የት እንደሚጠብቃት ያውቃል፤ እንዳይረብሻትም ይጠነቀቃል።

*የወንዱ ቁልቁል በረራ።* ወንዱ እስከ 30 ሜትር ሽቅብ ወጥቶ ወደ ታች ሲወረወር፣ ከሥር ሽቅብ ተጠምዝዞ ሲመለስ ካያችሁ፣ ከግርጌው አጠገብ ቁጥቋጦ ውስጥ ሴት ተቀምጣለች ማለት ነው። በ2018 የታተመ ጥናት ከፍተኛው ፍጥነት፣ የክንፍና የጭራ ድምፅ፣ የጉሮሮው ቀለም ከቀይ ወደ ጥቁር መለወጥ፣ ሁሉም በ300 ሚሊሴኮንድ ውስጥ አንድ ላይ እንደሚሆኑ ለካ። ወደ ቁጥቋጦው አትጠጉ።

*ጎጆ።* ጎጆ መሥራት፣ መታቀፍ፣ መመገብ የሴቷ ብቻ ሥራ ነው። በሸረሪት ድር አያይዛ፣ ውጪውን በዛፍ ሽበት ሸፍና የምትሠራው ጎጆ ከቅርንጫፉ እብጠት አይለይም። ሁለት እንቁላል ትጥላለች፤ ከ16 እስከ 19 ቀን ትታቀፋለች። ጎጆ ካገኛችሁ አንድ ጊዜ ከሩቅ አይታችሁ ሂዱ። ሊጋርዳችሁ የመጣ ቅጠል አትቁረጡ። የ1918ቱ የስደተኛ ወፎች ሕግ ጎጆ፣ እንቁላልና ላባ መውሰድን ይከለክላል፤ የወደቀ ላባም ቢሆን።

*የሞተች መምሰል።* ማለዳ ላይ ቀንበጥ ወይም መመገቢያ ላይ ላባዋ ተነፍቶ፣ ምንቃሯ ወደ ላይ፣ ሳትንቀሳቀስ ብታገኟት አትንኳት። ተራራ ላይ ሌሊቱ ሲበርድ ጉልበት ለመቆጠብ የሰውነቷን ሙቀት እስከ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ታወርዳለች። አታሙቋት፣ ውሃ አትርጩባት። ፀሐይ ሲያገኛት መንቀጥቀጥ ትጀምርና ትነሳለች።

*ምግብ።* አበባ ብቻ አይደለም የምትጎበኘው። ጥቃቅን ነፍሳት ትይዛለች፤ ሳፕሳከር የሚባለው ግንድ ቆርቋሪ አኻያ ላይ በበሳው ቀዳዳ የሚፈሰውንም ፈሳሽ ትጠጣለች። በተርታ የተበሳ ግንድ ካያችሁ አጠገቡ ቆማችሁ ጠብቁ።

መመገቢያ መስቀል ለምትፈልጉ

1. አንድ ስኒ ነጭ ስኳር በአራት ስኒ ውሃ በጥብጡ። ስኳሩ እስኪሟሟ አሙቁት፣ ከዚያ አቀዝቅዙት።
2. ቀይ ቀለም አትጨምሩ። መመገቢያው ራሱ ቀይ ከሆነ ይበቃል።
3. ብርዝ አትስጧት። ማር ለእኛ ጤና ነውና ለእሷም ይጠቅማል ብሎ የሚበጠብጥ ሰው ሁሌ አለ። በውሃ የተበጠበጠ ማር ቶሎ ይቦካል፣ ወፏን የሚያሳምም ሻጋታም ያበቅላል። ቡናማ ስኳርና ሰው ሠራሽ ማጣፈጫም አይሆኑም።
4. በሙቀት ወቅት በየሁለት ቀኑ ቀይሩ፤ ሲቀዘቅዝ በየአራት ቀኑ። ከደፈረሰ ቀን አትቁጠሩ፣ ወዲያው ድፉት። በፈላ ውሃና በብሩሽ እጠቡት። የተረፈውን ፍሪጅ ውስጥ እስከ አንድ ሳምንት ማቆየት ይቻላል።
5. ከመስኮት አንድ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ ወይም በጣም ራቅ አድርጋችሁ ስቀሉት። በመካከለኛ ርቀት ከሆነ በሙሉ ፍጥነት መስታወቱን ትመታለች።
6. አንድ ወንድ መመገቢያውን ይዞ ሌሎቹን ካባረረ፣ ሁለተኛውን ከቤቱ ሌላ ጎን፣ እሱ ከማያይበት ስቀሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ተራራ ግርጌ ወይም ተራራ ላይ የምትኖሩ መመገቢያውን በየማታው አስገቡ። የስኳር ውሃ ድብን ወደ ቤት ይጠራል፤ ሰው ሠፈር የለመደ ድብ ደግሞ መጨረሻው መገደል ነው። ድብ አንድ ጊዜ ከመጣ ለዚያ ሰሞን መመገቢያውን ጨርሶ አንሱት።

ጋራዥ ውስጥ ገብታ ከወጥመድ የወደቀች ካገኛችሁ፦ ብዙ ጊዜ የሚስባት የበሩ ማስከፈቻ ገመድ ላይ ያለው ቀይ እጀታ ነው። መብራቱን አጥፉ፣ በሩን ሙሉ በሙሉ ክፈቱ፣ ደጁ ላይ ቀይ አበባ ወይም መመገቢያ አኑሩና ራቁ። እጀታውን በጥቁር ፕላስተር ጠቅልሉት፤ ሌላዋ አትገባም። መስታወት መትታ የወደቀች ከሆነ ደግሞ ክዳን ባለው፣ አየር በሚያስገባ ካርቶን ውስጥ ጨርቅ ላይ አስቀምጣችሁ ጸጥ ያለ ቦታ አኑሩ። ምንም በአፏ አታፍስሱ። ስትነቃ ውጪ ከፍታችሁ ልቀቁ፤ ካልነቃች ፈቃድ ላለው የዱር እንስሳት ተንከባካቢ ደውሉ።

ደረጃ 9፦ መዝግቡ

ሰዎች ያዩትን ወፍ በሚመዘግቡበት ኢበርድ በተባለው ድረ ገጽ ላይ አካውንት ክፈቱ፤ ነፃ ነው። ስትመዘግቡ ስሙን ብቻ አትጻፉ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ወንድ ወይም ሴት መሆኗን፣ በምን እንደለያችኋት አንድ መስመር ጨምሩ፦ «የክንፍ ፉጨት ተሰምቷል፤ ጀርባ አረንጓዴ፤ ጭራ ከክንፍ ጫፍ ያልፋል፤ ጉሮሮ ሮዝ።» ከጁላይ በኋላ የምታስገቧቸው ሴቶች ላይ ግን የጭራውን ፍሬም ካላያያዛችሁ «ሴላስፎረስ» የሚለውን ምረጡ። ጎጆ ካያችሁ ትክክለኛ ቦታውን በይፋ አታስፍሩ፤ የመንገዱን ወይም የፓርኩን ስም ብቻ ጻፉ።